ይስማው ያልጻፈው እሑድ

ባለፈው እሑድ እዚህ እንጅባራ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ስለነበር «የመምህራችን ባለቤት» ተብዬ ተጠርቼ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። አዳራሹ አዲስ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ መጋረጃው በገመድ ሲስቡት የሚከፈት ቀይ ከፋይ፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ጆሮ የሚበሳ። ልጆቹ መንፈሳዊ ድራማ አዘጋጅተዋል፤ በድንበር የተጣሉ የሁለት ሰዎች ታሪክ ነው። ጥሩ አድርገው ይዘውት ሄዱና ሊያልቅ ሲል፣ ሰዓት አልቆባቸው መሰለኝ፣ አንድ ቄስ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብሎ መስቀል አሳለማቸው። ተቃቀፉ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «እንዴት ደስ ይላል፣ እትዬ!» አለችኝ። እኔን ግን ደስ አላለኝም። «መጣሁ» ብያት ወጣሁና በዚያው ቀረሁ። ውጭ የኮሶበር ብርድ ተቀበለኝ፤ ኮሶበር የምለው እንጅባራን ነው፣ የድሮ ስሟ አፌ ላይ ቀርቷል። አጥሩን ተደግፌ ስቆም እግሬ እዚህ ይሁን እንጂ ልቤ ዳንግላ ነበር፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ከአንሶላ መጋረጃ ኋላ ወረቀት ይዤ የቆምኩ ልጅ ነበርኩ።

የዚያን ጊዜዋ ዳንግላ ለእኛ ዓለም ነበረች። የባሕር ዳር አውቶቡስ ሲቆም መንገደኛው ወርዶ ሻይ ይጠጣል፤ እኛ ደግሞ የመንገደኛውን ልብስ እናያለን። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በስሙኒ ነበር፣ ያውም የዛሬውን ሦስት የሚያህል ዳቦ። ወንዶቹ ከታች የሰፋ ቦላሌ ለብሰው የመንገዱን ጭቃ እየጠረጉ ይሄዳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ኮንጎ ጫማችንን በሳሙና አጥበን ስንወጣ ከእኛ በላይ ቄንጠኛ ያለ አይመስለንም። አፍሮዬን በሽቦ ሚዶ ሳበጥር እናቴ «ጎጆ ልትቀልሽ ነው?» ትለኝ ነበር። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ደግሞ የሰልፍ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይለቀቅብናል። ግጥሙ ከጠፋብኝ ቆየ፤ ዜማው ግን ዛሬም ዕቃ ሳጥብ ሳላስበው ይመጣብኛል፣ ያናድደኛልም። ድምፅና ጉልበት ያለው ወጣት ሁሉ ወደ ቀበሌው ኪነት ይጠራ ነበር። እኛ ጥቂቶቹ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ባለችው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በምታፈሰው የጭቃ አዳራሽ እንሰበሰባለን። መብራታችን አንድ ማሾ ነበር፤ እሱም ጋዝ ሲገኝ ነው። ዛሬ ልጆቹ ድርሰት የሚማሩት ከስልካቸው ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። እኛን ያስተማረን ሰው ነበር።

ስሙ ጋሽ አድማሱ ነው። አዲስ አበባ ቴአትር ሲማር በአብዮቱ ግርግር ታስሮ፣ ሲፈታ ትምህርቱን ሳይጨርስ ደረቱን ታሞ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት የሚያድር ቀጭን ሰው ነበር። ክርኑ ላይ የተጣፈ ካኪ ጃኬት አለው፤ ሌላ ልብስ ለብሶ አላየሁም። ሊስቅ ሲል ሳሉ ይቀድመዋል። እኔ በኋላ የአማርኛ መምህርት ሆኜ ሴራ፣ ግጭት፣ ጡዘት፣ ልቀት እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጋሽ አድማሱ እነዚያን ቃላት አንድ ቀን ነገረንና ተዋቸው። «ክርስቲያን የሚጽፈው ታሪክ ሦስት ቀን አለው፤» አለን፤ «ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ። ዓርብ የሚሰበረው ይሰበራል። እሑድ የሚነሣው ይነሣል። እናንተ ግን ሰነፎች ስለሆናችሁ ከዓርብ ወደ እሑድ ትዘላላችሁ። ቅዳሜን የት ጣላችኋት?» በቀዳም ስዑር ቄሶቹ ቄጠማ ሲያድሉን ደስ የሚለን እሑድ እንደሚመጣ ስለምናውቅ እንደሆነ አስረዳን። «ሐዋርያቱ ግን አያውቁም ነበር። በር ዘግተው የተቀመጡት ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏቸው ነው። የምትጽፉት ሰው እሑድን አስቀድሞ እንዲያውቅ አታድርጉት፤ ካወቀ መከራው ውሸት ይሆናል።» እኔ ይህን የመሰለ ትምህርት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞ ለምናመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄ ነበረው። ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ምን ይከፍላል? የመጨረሻዋ ላይ ሁላችንም እንወድቃለን። እኔ ባሏ ሰካራም የሆነባትን ሴት ጽፌ፣ ባሏን በአንድ ስብከት መጠጥ አስተውኩት። ጋሽ አድማሱ አንብቦ ሲጨርስ «ይኼ ሰውዬ መጠጥ የተወው አንቺ ወረቀት ስላለቀብሽ ነው» አለኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ የሚሰማው የይስማው ሳቅ ነበር፤ ያን ቀን ስጠላው ዋልኩ። በኋላ አገባሁት።

ይስማው ከአዲስ ቅዳም ወዲህ ካለ ገጠር መጥቶ፣ ዳንግላ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። ከእናቱ ጋር በአገውኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ሲናደድ ብቻ ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል። አባቱን በእርሻ ድንበር ጠብ ፈንታ የሚባል ጎረቤታቸው ገድሎት፣ ፈንታም ወደ ቆላ ሸሽቶ ነበር። ሽማግሌዎች ደሙን ሊያደርቁ ቢቀመጡ የይስማው አጎት አያ ጥሩነህ «ባለ ደሙ ልጁ ነው፤ አድጎ እሱ ይናገር» ብሎ አስነሣቸው። ምንሽር ጠመንጃውንም ወልውሎ ከምሰሶው ላይ ሰቀለለት። እንግዲህ በአገሩ ደንብ ይስማው በመስቀል ፊት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካለ ደሙ ደረቀ፤ ካላለ ምንሽሩ እዚያው ይጠብቀዋል። እሱ ሁለቱም አልሆነለትም። መግደል አይፈልግም፤ ይቅር ማለትም አልቻለም። ለዓመት በዓል ቤቱ በሄደ ቁጥር እናቱ ማዕድ ስታቀርብ ዓይኗ ምሰሶው ላይ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር።

ይህን ጻፈው። ጋሽ አድማሱ አላዘዘውም፤ ራሱ ጀመረው። ዓርቡን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ከዚያ ጋሽ አድማሱ «ፈንታም ራት ይበላል፤ ራቱን ጻፍልኝ» ሲለው ተቆጥቶ ጥሎን ሄደ። ብዙ ሰንብቶ ተመለሰ፤ ጽፎት ነበር። ገዳዩ ቆላ ውስጥ ብቻውን ቂጣ እየበላ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ሲጠራ የሚያሳይ ትዕይንት ነው። ሳነበው አለቀስኩ፤ የጻፈውንም ልጅ የወደድኩት ያኔ ነው። ቅዳሜውንም ጻፈ፣ የእናቱን ዝምታ፣ የምሰሶውን ምንሽር። እሑድ ላይ ግን ቆመ። ልጁ መሣሪያ ይዞ ከገዳዩ ፊት ይቆማል፤ መጋረጃው ይዘጋል። «ከዚህ ወዲያ አላውቅም፣ ጋሼ» አለ። ጋሽ አድማሱም «ካላወቅህ አትጻፈው። ያልመጣ እሑድ አይጻፍም። ሲመጣልህ ያን ጊዜ ትጽፈዋለህ» አለው።

ድራማው በንግሥ ዕለት እንዲታይ ተፈቀደልን። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ግን ጽሑፉን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ሕዝበ ክርስቲያኑን ነፍጥ አሳይታችሁ ልትሸኙት ነው? ዕርቅ ይግባበት እንጂ!» አለ። ጋሽ አድማሱ ቢኖር ኖሮ ይሟገት ነበር፤ እሱ ግን በዚያው ሰሞን ደም ተፍቶ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተወስዷል። የቡድናችን መሪ ዘለቀ፣ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ መታዘዝ የሚወድ ልጅ ነበር፣ ቁጭ ብሎ መጨረሻውን ጻፈው። ቄስ ይመጣል፤ መስቀል ያወጣል፤ ልጁ መሣሪያውን ጥሎ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። የልጁን ቦታ ይስማው ራሱ ይጫወት ተባለ፤ «የሚያውቀው አንተ ነህ» አሉት። እኔ ቃል ሲጠፋቸው ከመጋረጃው ኋላ የምነግራቸው ስለነበርኩ በልምምዱ ሁሉ አየሁት። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ብሎ ያልፋታል። «አይከብድህም?» ስለው «ግድ የለም፤ ጨዋታ ነው» ይለኛል። የቄሱን ቦታ የሚጫወት ልጅ ከእንጨት መስቀሉ ጋር ተዘጋጅቶ ነበር። በዋዜማው አባ ኅሩይ፣ የደብሩ አገልጋይ፣ የራሳቸውን የእጅ መስቀል ይዘው «እኔው እወጣለሁ» አሉ። «ቃሉ ከተነገረ እግዚአብሔር ይጨምርበታል» አሉን። ተስፋ አድርገው ነው፤ እኔ አልፈርድባቸውም።

የንግሡ ዕለት ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። የገጠሩ ሰው ፈረሶቹን ከአጥሩ ውጭ አስሮ ገብቷል፤ ልጆች ዛፍ ላይ ወጥተዋል። ይስማው የአባቱን ካፖርት ለብሶ ወጣ። መጨረሻው ላይ አባ ኅሩይ መስቀላቸውን ከደረታቸው ሲያወጡ ሕዝቡ በሙሉ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ለእውነተኛ መስቀል ቁጭ ተብሎ አይታይም። ይስማው ሰው ሁሉ ሲነሣ አየ። ተራው ደርሶ አለፈው። ቃሉ የጠፋው መስሎኝ ልነግረው አፌን ስከፍት እንባው ቀደመኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር!» አለና መስቀሉን ሳመ። በልምምድ ላይ እንዲህ ብሎት አያውቅም። ሴቶቹ እልል፣ ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ የቆመችው የፈንታ ሚስት ይመኙሻል ነበረች። በሕይወቷ ቴአትር የሚባል አይታ አታውቅም። ያየችው እውነተኛ ቄስ፣ እውነተኛ መስቀልና የሟቹን ልጅ ነው፤ የሰማችውም ቃሉን ነው። ሌላ ምን ቀራት? ወደ ቆላ ላከችበት፤ «ልጁ በመስቀልም በሕዝብም ፊት ምሮሃል፤ ና» ብላ።

ፈንታ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ደንቡ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ የይስማው እናት ደጅ ላይ ተንበረከከ። ይስማው ለአጨዳ ቤቱ ነበር። ይህን የነገረኝ እሱው ነው፤ ከመጋባታችን በፊት አንዴ ነግሮኝ ዳግመኛ አላነሣውም። አያ ጥሩነህ ምንሽሩን አውርዶ ወጣ። ግን ወዲያው አልተኮሰም፤ ደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ወደ ይስማው ዞሮ በአገውኛ ጠየቀው፦ «ማርኸው፣ ወይስ ጨዋታ ነው?» ይመኙሻል «እንዴ፣ በመስቀሉ ብሏል እኮ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» ብላ ጮኸች። ፈንታ ድንጋዩ እንደተጫነው ቀና ብሎ ይስማውን አየው። «እኔ ከጻፍኩት ፈንታ ይልቅ ያረጀ ነበር» አለኝ ይስማው። አጎቱ ደግሞ ጠየቀው። «ጨዋታ ነው» አለ ይስማው።

አያ ጥሩነህ ተኮሰ።

«እውነቱን ነው የተናገርኩት» አለኝ። «እንደሚተኩስ ታውቅ ነበር?» ስል ጠየቅኩት። «እሱን ለራሴም አልመለስኩም» አለ። ይህን እያወቅኩ አገባሁት፤ ሰዎች ምን ነክቷት ነው ይሉ ነበር። የተኮሰው አጎቱ ቢሆንም ሁሉ ሰው ለይስማው አዘነለት ብል ግን ውሸት ነው፤ ብዙዎች ፊታቸውን አዞሩበት። አያ ጥሩነህ እስር ቤት ገብቶ እዚያው ሞተ። ሽማግሌዎችም ደም በደም ተካክሏል ብለው ሁለቱን ቤት አስታረቁ። ጋሽ አድማሱ ከባሕር ዳር ሲመለስ ድኖ ሳይሆን ቤቱ ሊሞት ነበር። ይስማው ከአልጋው ሥር ቁጭ ብሎ «ብዋሽ ኖሮ ሰውየው ይኖር ነበር፣ ጋሼ» አለው። ጋሽ አድማሱ ሳሉ እስኪለቀው ጠበቀ። «መድረክ ላይ የተናገርከው ሌላ ሰው የጻፈልህን ነው። የራስህን እስክታገኝ ድረስ ያንን ቃል አፍህ ላይ አታድርገው» አለው። ምክር ነበር። ይስማው ግን እንደ ግዝት ያዘው።

ከዚያ ወዲህ ባሌ «ይቅር» የሚለውን ቃል ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ቀላል ይመስላል፤ እስቲ አብራችሁት ኑሩ! ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰው ሁሉ ይቅር ሲባባል እሱ እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል። ሲያስቀይመኝ ገበያ ሄዶ ሻሽ ገዝቶልኝ ይመጣል፤ ሳጥኔን ብትከፍቱት ሻሽ በሻሽ ነው። ልጆቹ ሲያጠፉ ይቆጣቸዋል፣ ከዚያ ወደ ማዕድ ይጠራቸዋል፤ በቃ፣ አለቀ። የይመኙሻልን መሬት በየዓመቱ እየሄደ ያርስላት ነበር። እሷም አትከለክለውም፤ ግን እስክትሞት ድረስ ውኃ እንኳ አቅርባለት አታውቅም። እሱም አልጠየቃትም። ወደ እንጅባራ ተዛውረን መንግሥት ቤት ሲቀጠር የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ድርሰት ማስተማር ጀመረ፤ ሦስቱን ቀን፣ እነዚያኑ ጥያቄዎች። የራሱ ድራማዎች ግን ሁሉም ቅዳሜ ላይ ያልቃሉ። ምእመናኑ ያጉረመርማሉ፤ «የይስማውን ድራማ ያየ ሰው መጨረሻውን ቤቱ ይጨርሰው» እያሉ ያሾፉበት ነበር። አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን አንዳንዴ ያንን ቃል ከአፉ ለመስማት ብቻ ሆን ብዬ ጠብ እፈልገው ነበር። አልሰማሁትም፤ ሻሽ ነው የጨመርኩት።

ትልቁ ልጃችን አንዷለም ነው። አባቱ ለታናሽ እህቱ ትምህርት ብሎ ያሳደገውን የዲከረንስ ደን፣ ያ አሁን አገሩን ሁሉ የሸፈነውን ለከሰል የሚሆን ዛፍ፣ ሳያስፈቅድ ለከሰል ነጋዴ ሸጦ አዲስ አበባ ገባ። ለዓመታት ተኮራረፉ። አምና ይስማው አልጋ ሲይዝ፣ መንገዱ ክፉ በሆነበት፣ ስልክም በማይሠራበት ሰሞን፣ አንዷለም በሰው በሰው ሰምቶ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ሚኒባሱ ጥሊሊ ላይ «ከዚህ አላልፍም» ብሎ አወረደው፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ እየወረደበት በእግሩ መጣ። እንደዚያው እንዳለ ገብቶ ከአባቱ አልጋ ሥር ተንበረከከና ጉልበቱን ሳመ። «አባዬ፣ ይቅር ብዬሃለሁ በለኝ። አንዴ በለኝና ልረፍ» አለ። የይስማው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። እኔ ከእሳቱ ዳር ቁጭ ብዬ በሆዴ «በለው፣ በለው እንጂ!» እላለሁ። ልጁ ያለቅሳል፤ አባቱ ያየዋል። በመጨረሻ ይስማው «እግርህ ረጥቧል፤ ወደ እሳቱ ጠጋ በል» አለው። ወደ እኔም ዞሮ «የእኔን ካልሲ ስጪው» አለኝ። ሳምንት አልቆየም፣ ዐረፈ። አንዷለም አባቱን የቀበረው ያንኑ ካልሲ አድርጎ ነው፤ በለቅሶው ሁሉ ግን «ሳይምረኝ ሄደ፣ ሳይምረኝ ሄደ» ሲል አንጀቴን በላው።

ባለፈው እሑድ ከአዳራሹ ወጥቼ ቤት ስገባ አንዷለም በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ለአባቱ ሙት ዓመት መምጣቱ ነው። ከስቷል። «ድራማው እንዴት ነበር፣ እማዬ?» አለኝ። «ታረቁ» አልኩት። «የታደሉ» አለና ፊቱን አዞረ። ያኔ ሆዴ አልችል አለ። ለልጆቼ ስሸሽገው የኖርኩትን ሁሉ እዚያው ቁጭ ብዬ ነገርኩት፤ የአባ ኅሩይን መስቀል፣ የፈንታን ድንጋይ፣ የአጎትየውን ጥያቄ፣ የአባቱን መልስ። አባትህ ያንን ቃል አንድ ጊዜ ያለ ልቡ ተናግሮት ሰው ሞቶበታል፣ ስለዚህ ላንተ ሊያረክሰው አልፈለገም፤ እግርህ ረጥቧል ያለህ እሱኑ ማለቱ ነው፣ አልኩት። እንዲህ ስል ራሴ አምኜ ነው፤ ዛሬም አምናለሁ። አንዷለም እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ይገባዋል፣ ይቀለዋል ብዬ ፊቱን አየሁ።

«ለፈንታ እውነቱን ተናገረ፤ ሰውየው ሞተ» አለኝ። «ታዲያ እኔን አንድ ጊዜ ቢዋሸኝ ምን ነበረበት?»